ቢራን በድሬዳዋ ቤት መጥመቅ፦ ቀላሉን ከሩቅ፣ ከባዱን ከገበያ

ድሬዳዋ ተቀምጦ ቢራ በቤቴ ልጥመቅ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ «ዕቃው ከየት ይገኛል?» የሚል ነው። የቢራ ብቅል፣ ሆፕስ (ለቢራ መራራነትና ጠረን የሚሰጠው አበባ) እና የቢራ እርሾ በአንድ ላይ የሚሸጥ ሱቅ ፍለጋ ከከዚራ እስከ መጋላ መዞር ትርፉ ድካም ነው። ብዙ ሰው ሐሳቡን የሚተወውም እዚህ ላይ ነው።

የሚያስፈልገውን ነገር በክብደት ለይቶ ላየው ግን ችግሩ ያን ያህል አይደለም። 10 ሊትር ቢራ ለመጥመቅ 3 ኪሎ ብቅል፣ 15 ሊትር ውኃ፣ 25 ግራም ሆፕስና 5 ግራም እርሾ ይበቃል። ከእነዚህ ውስጥ ከአገር ውጭ መምጣት ያለባቸው የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ተደምረው ከአንድ ደብዳቤ ብዙም አይከብዱም። ከባዱ ነገር ሁሉ ገበያ፣ ፋርማሲና የቤት ዕቃ መሸጫ ውስጥ አለ። ስለዚህ ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ሲኖር ብቅል አምጣልኝ፣ የመጥመቂያ ማሽን አምጣልኝ ብሎ ማስቸገር አያስፈልግም። እርሾና ሆፕስ ብቻ ይዘዙ።

እርሾውን አስቀድመው ይምረጡ

ብዙ መመሪያዎች ከብቅል ይጀምራሉ፤ ለድሬዳዋ ግን መጀመሪያ መወሰን ያለበት የእርሾው ዓይነት ነው። ምክንያቱ ሙቀቱ ነው። የተለመደው የቢራ እርሾ በ18 እና በ22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ሲሠራ ነው ጥሩ ጣዕም የሚሰጠው። በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ቤት ውስጥ ይህን ያህል ቅዝቃዜ ለማግኘት ማቀዝቀዣ ለብቻው መመደብ ያስፈልጋል። እርሾ ከልኩ በላይ ሲሞቀው ቸኩሎ ይሠራና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸትት፣ ጉሮሮ የሚያቃጥል፣ በማግስቱም ራስ የሚያሳምም ቢራ ያወጣል።

መፍትሔው ከሙቀቱ ጋር መታገል ሳይሆን ሙቀት የሚወድ እርሾ መፈለግ ነው። ክቬክ የሚባለው የምዕራብ ኖርዌይ ገበሬዎች እርሾ እንዲህ ያለ ነው። ከዓይነቶቹ አንዱ የሆነው ቮስ በደረቅ መልክ በ11 ግራም ፓኬት ይሸጣል፤ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ድረስ በደስታ ይሠራል፣ ጣዕሙም ወደ ብርቱካን ያደላል። ሌላው ዓለም ባልዲውን እያቀዘቀዘ ሲጨነቅ ድሬዳዋ ላይ በክፍሉ ሙቀት ብቻ ሥራው ያልቃል። ከዚህም በላይ ክቬክ ደርቆ ለወራት የሚቀመጥ ነው፤ አንድ ፓኬት ከመጣ በኋላ እየደጋገሙ መጠቀም ይቻላል። አደራረቁን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ክቬክ እስኪመጣ መጠበቅ የማይፈልግ ሰው ለዳቦ በሚሸጠው ደረቅ እርሾ መጀመር ይችላል። የዳቦ እርሾና ይህ የቢራ እርሾ በዝርያ አንድ ናቸው። ልዩነቱ የዳቦው ለዱቄት ተብሎ የተመረጠ መሆኑ ነው፤ ታች ላይ አጥብቆ አይዘቅጥም፣ ቢራው ደፍረስ ይላል፣ አንዳንድ ጊዜም የቅርንፉድ ጠረን ይተዋል። ለ10 ሊትር 5 ግራም በቂ ነው። ሲጠቀሙበት ግን ሙቀቱን ከ25 ዲግሪ በታች ማድረግ አለብዎት። ባልዲውን ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቁመው እርጥብ ጆንያ ያልብሱት፤ የጆንያው ጫፍ ውኃው ውስጥ ይነከር፤ ከዚያ ቬንትሌተር ያዙሩበት። የድሬዳዋ አየር ደረቅ ስለሆነ ውኃው ሲተን ባልዲውን ጥቂት ዲግሪዎች ይቀንሰዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። በግንቦትና በሰኔ ሐሩር ግን ጠዋትና ማታ በረዶ የሆነ የውኃ ጠርሙስ ሳፋው ውስጥ መጨመር ግድ ይሆናል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እሱም የለም።

ሆፕስ ወይስ ጌሾ

ሆፕስ በትንንሽ ጥፍጥፍ መልክ ተጨምቆ፣ አየር በማያስገባ ፓኬት ታሽጎ ይመጣል። 100 ግራም ለአራት ጊዜ ጥመቃ ይሆናል። ፓኬቱ ላይ የተጻፈው የአልፋ አሲድ መጠን የመራራነቱ ልክ ነው፤ እዚህ የምሰጠው ልክ ስምንት በመቶ ገደማ ለሆነው ነው። አራት በመቶ ከሆነ እጥፍ ያድርጉት። የተከፈተውን ፓኬት አየሩን አስወጥተው በማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ያስቀምጡ፤ በክፍሉ ሙቀት ከተተወ የአይብ ጠረን ያመጣል።

ሆፕስ ከሌለ ጌሾ አለ። የሚወጣው ግን ሌላ መጠጥ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ጌሾ መራራነትን ይሰጣል እንጂ የሆፕስን የአበባና የሎሚ ጠረን አይሰጥም፤ መራራነቱም ምላስ ላይ ይቆያል። ለጠላ የሚገባውን ያህል ከጨመሩ ቢራ መሆኑ ይቀርና ጠላ ይሆናል። የተሰባበረ የጌሾ እንጨት 30 ግራም ያህል በሻሽ ቋጥረው ጭማቂው (ብቅሉ ተዘፍዝፎ የሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ) ሲፈላ ይክተቱት፤ በየ10 ደቂቃው በማንኪያ እያቀዘቀዙ ይቅመሱና መራራነቱ ሲበቃዎት ቋጠሮውን ያውጡት። እዚህ ላይ ሚዛኑ ምላስዎ ነው።

ብቅሉ

ጠመቃው የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። እንደ አሰላው ያሉ የብቅል ፋብሪካዎች ለቢራ ፋብሪካዎች በጅምላ የሚያቀርቡ ናቸው፤ ሦስት ኪሎ ለሚፈልግ ሰው በራቸው አይከፈትም። 55 ኪሎ ሜትር ርቆ የሐረር ቢራ ፋብሪካ መኖሩም ለቤት ጠማቂ ብቅል አያስገኝም። የሚቀረው የጠላ ብቅል ነው። ድሬዳዋ ላይ ቀፊራ፣ ሐረር ላይ ሸዋ በር የጠላ እህል የሚሸጡ እናቶች ዘንድ ይጠይቁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «እማማ፣ ይህ የገብስ ነው የማሽላ?» ይሁን። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ማሽላ እንደ ልብ ስለሆነ የማሽላ ብቅል በብዛት አለ። ለዚህ ሥራ ግን አይመችም። የማሽላ ስታርች (የፍሬው ዱቄታም ክፍል) ወደ ስኳር ለመለወጥ የሚፈልገው ሙቀት ከገብሱ ከፍ ይላል፤ ስታርቹን ወደ ስኳር ከሚለውጡት ኢንዛይሞች ዋነኛው ደግሞ ማሽላ ውስጥ አነስተኛ ነው። ከሦስቱ ኪሎ ግማሽ ኪሎውን ማሽላ ማድረግ ይቻላል፤ ሙሉውን ማድረግ ግን ለጀማሪ መከራ ነው። የስንዴ ብቅል ከተገኘ እስከ እኩሌታው ድረስ ከገብሱ ጋር ይቀላቀላል፣ አረፋውንም ያሳምራል።

ሁለተኛው ሥራ ማሽተትና መንከስ ነው። እፍኝ ሙሉ ያንሱና ወደ አፍንጫዎ ያስጠጉ። ጥሩ ብቅል የደረቀ ሣርና የዳቦ ቅርፊት ይሸታል። የምድር ቤት ጠረን ካለው፣ ወይም በሥሮቹ መካከል አረንጓዴ ወይም ጥቁር አቧራ ከታየ ሻጋታ ነውና በነፃ ቢሰጥዎትም አይውሰዱት። ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ከዚያ አንድ ፍሬ ከጥርስ መሐል አድርገው ይስበሩ፦ ቀጭ ብሎ መሰበርና ውስጡ ዱቄት ሆኖ ጣፈጥ ማለት አለበት። እንደ ጠጠር ከጠነከረ አልበቀለም፤ ጎማ ከሆነ አልደረቀም።

ቤት ሲደርሱ ብቅሉን በመዳፍ መካከል አሽተው የደረቁትን ሥሮች በወንፊት ይለዩ፤ ሥሮቹ ጎምዛዛ ጣዕም አላቸው። የጠላ ብቅል በፀሐይ የደረቀ ስለሆነ ጥሬ ጥሬ ይላል። ይህን ለማስተካከል በ80 ዲግሪ አካባቢ በኦቨን ውስጥ ለሁለት ሰዓት ማድረቅ፣ ኦቨን ከሌለ በጣም በለዘበ እሳት ምጣድ ላይ እጅ እስከሚችለው ሙቀት ድረስ እያገላበጡ ማሞቅ ነው። ከዚህ በላይ ካሞቁት ኢንዛይሞቹ ይሞታሉ። ከሦስቱ ኪሎ 300 ግራም ብቻ ለይተው ግን እንደ አሻሮ አጥቁረው ይቁሉት። ይህ ለቀለምና ለጣዕም ነው፤ ሌላም ጥቅም አለው፣ ውኃው ዘንድ ስንደርስ ይታያል።

ፈጪው ደግሞ ዱቄት እንዳያደርግብዎት። ወፍጮ ቤቱን «እንደ ቅንጬ ከካ ከካ አድርግልኝ» ይበሉት። ገለባው ሰፋ ሰፋ ብሎ መቅረት አለበት። ዱቄት ከሆነ ጨርቁ ውስጥ ጭቃ ሆኖ ውኃ አያሳልፍም። በርበሬ ከተፈጨ በኋላ ተራ አይያዙ፤ ይህን ምክር የናቀ ሰው የሚያቃጥል ቢራ ይጠጣል።

ገበያው ላይ ጥሩ ብቅል ካልተገኘ ራስዎ ማብቀል ይችላሉ፤ ጊዜው ግን ከኅዳር እስከ ጥር ነው፣ ወይም ቦታው ሐረር ይሁን። ያልተፈተገ፣ ዘር የሚሆን ገብስ ይግዙ። 100 ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ሲያስቀምጡ በሦስት ቀን 90 ያህሉ ካልበቀለ ለብቅል አይሆንም። የሚሆነውን ስምንት ሰዓት ነክረው፣ ስምንት ሰዓት አንጠፍጥፈው፣ ይህንኑ እየደጋገሙ ለሁለት ቀን ያቆዩት። ከዚያ በእርጥብ ጆንያ መካከል በስሱ አስጥተው በቀን ሁለቴ ያገላብጡ። በአራት ወይም በአምስት ቀን ገለባውን ሲልጡ ቡቃያው ከፍሬው ርዝመት ሦስት አራተኛ ሲደርስ በፀሐይ ያድርቁት። ቡቃያው ከፍሬው አልፎ እስኪወጣ መጠበቅ ስኳር የሚሆነውን ስታርች ለበቆልቱ ማስበላት ነው።

የድሬዳዋ ውኃ

ድሬዳዋ ውስጥ የሚኖር ሰው ሻይ ማፍያው ሥር የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። ውኃው ከኖራ ድንጋይ ውስጥ ስለሚመጣ ካልሲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል። ባይካርቦኔት የበዛበት ውኃ የብቅሉን አሲድ ስለሚያለዝበው ከገለባው ውስጥ የሚያጣብቅ ጎምዛዛ ጣዕም ይወጣል፤ ፈዛዛ ቢጫ ቢራ ላይ ደግሞ ጎልቶ ይታወቃል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከዋዜማው ማታ 18 ሊትር ያህል ውኃ ክዳኑን ከፍተው ግማሽ ሰዓት ያፍሉ፤ ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ላይ ነጩ ዝቃጭ ታች ይቀመጣል፤ ከላይ ያለውን ሳያናውጡ ወደ ሌላ ዕቃ ቀድተው ታችኛውን ይድፉ። ክሎሪኑም በዚያው ይወጣል። ብቅሉን ሲዘፈዝፉ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይጨምሩ፤ ጣዕሙ አይታወቅም፣ አሲዱን ግን ያስተካክላል። የተቆላው 300 ግራም ብቅልም በራሱ አሲድነት ይህንኑ ሥራ ያግዛል። ከጥንት ጀምሮ ደብሊንንና ሙኒክን የመሰሉ ውኃቸው ባይካርቦኔት የበዛበት ከተሞች በጥቁር ቢራ የታወቁት በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ጥመቃ ቢጫ ቢራ ለማውጣት አይድከሙ፤ ድሬዳዋ የቡናማ ቢራ አገር ናት።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሆኑ ለማጠቢያና ለማቀዝቀዣ ሌላ 60 ሊትር ያህል በበርሜል ሳይዙ ቀኑን አይጀምሩ።

ዕቃዎች

ከ20 ሊትር ያላነሰ ድስት ያስፈልጋል። ከመግዛትዎ በፊት የሰፈር እድር ይጠይቁ፤ የድግስ ድስቶች እዚያ ተደርድረው ነው ያሉት። አሉሚኒየም ችግር የለውም፤ አዲስ ከሆነ ብቻ አንድ ጊዜ ውኃ አፍልተው ይድፉበት፣ ውስጡንም በብረት ሽቦ አይፈግፍጉት።

ብቅሉን ለመዘፍዘፍ ሰፊ የጨርቅ ከረጢት ይስፋ። ድሬዳዋ ውስጥ ታይዋን በሚባለው ገበያ የሚሸጠው ስስ የመጋረጃ ጨርቅ ለዚህ ፍቱን ነው፤ ከመጠቀምዎ በፊት ያለ ሳሙና ያፍሉት። አቡጀዲ ውኃ አያሳልፍም። አጎበርን ግን በፍጹም አይንኩ፤ ቀዳዳው የሚመች ቢመስልም ለወባ ትንኝ የሚሰጠው አጎበር ፀረ ነፍሳት መድኃኒት የተነከረ ነው።

ለማብላያ 15 ወይም 20 ሊትር የሚይዝ፣ ለምግብ የሚሆን፣ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ አዲስ ባልዲ ይሁን። የቀለም ባልዲ ቢታጠብም አይሆንም። ክዳኑን በጋለ ምስማር ይብሱትና ፋርማሲ ከሚሸጠው የግሉኮስ መስጫ ላይ የተቆረጠ ቱቦ ያስገቡበት፤ ቀዳዳው ከቱቦው ትንሽ ከጠበበ ሙጫ አያስፈልግም። የቱቦውን ሌላ ጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይንከሩት። ጋዙ ይወጣል፣ አየርና ዝንብ ግን አይገባም። ቱቦው ቀጭን ስለሆነ አረፋ እንዳይደፍነው ከባልዲው ሲሶውን ባዶ ይተዉ።

ቴርሞሜትር ከተገኘ ጥሩ ነው። የጭማቂውን ስኳር የሚለካው መሣሪያ ግን ባይኖርም አንድ ግራም የሚለይ ዲጂታል ሚዛን ይተካዋል፤ ከእሱም ጋር አዮዲን ከፋርማሲ፣ በረኪናም ከሱቅ ይያዙ።

በረኪናውን በ4 ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ አድርገው ይበጥብጡ፤ ከቀዘቀዘው ጭማቂ ጋር የሚገናኘውን ፕላስቲክ ሁሉ አስቀድመው በሳሙና አጥበው 20 ደቂቃ ይንከሩበትና ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ደጋግመው ያለቅልቁ። አሉሚኒየም ላይ አያድርጉት፤ ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋርም አይቀላቅሉት፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ጠላ ወይም እርጎ የነካው ዕቃ ወደዚህ ሥራ አይግባ።

የጥመቃው ቀን

ድሬዳዋ ላይ ውኃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች። ይህን ማወቅ ቴርሞሜትር ለሌለው ሰው ይጠቅማል። ካቆዩት ውኃ 9 ሊትር ተኩል አፍልተው እሳቱን ያጥፉና ከዚያው ካቆዩት ያልሞቀውን 5 ሊትር ተኩል ይጨምሩበት። 70 ዲግሪ ገደማ የሆነ 15 ሊትር ውኃ አገኙ ማለት ነው። ከረጢቱን ድስቱ ውስጥ ዘርግተው የተከካውን ብቅል እያማሰሉ ይጨምሩ፤ እንክብል እንዳይፈጥር ትንሽ በትንሽ ይሁን። ብቅሉ ውኃውን ያቀዘቅዘውና 67 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። የሎሚውን ጭማቂ ይጨምሩ፣ ይክደኑ፣ ድስቱን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልለው አንድ ሰዓት ይተዉት።

ከሰዓቱ በኋላ አንድ ማንኪያ ፈሳሽ ነጭ ሳህን ላይ ያድርጉና አንድ ጠብታ አዮዲን ይጣሉበት። ወደ ሰማያዊ ጥቁር ከተለወጠ ገና ስታርች አለ ማለት ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። እንደ አዮዲኑ ቀይ ቡኒ ሆኖ ከቀረ ስታርቹ ስኳር ሆኗል። የጠላ ብቅል ከፋብሪካው ስለሚዘገይ በአንድ ሰዓት አለመጨረሱ አያስደንቅም። ፈሳሹን ይቅመሱት፤ ወፍራምና ጣፋጭ መሆን አለበት።

ከረጢቱን ያንሱ፣ ወንፊት ላይ አስቀምጠው ይጭመቁት። አተላውን ለጎረቤት ፍየል ወይም ዶሮ ይስጡ፤ በሰፈሩ ሰላም ለመጥመቅ ይህም ይረዳል። በዚህ ጊዜ 12 ሊትር ተኩል ያህል ጭማቂ ይቀራል።

አሁን ክዳኑን ከፍተው 90 ደቂቃ ያንተክትኩት። ደረቅ አየር ስላለ 2 ሊትር ተኩል ገደማ ይተናል፤ 10 ሊትር ይቀራል። የተለመደው 60 ደቂቃ ነው፤ በእኛ ከፍታ ግን መፍያው ዝቅ ስለሚልና በፀሐይ የደረቀ ብቅል የተቀቀለ ጎመን የሚሸትት ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ጊዜው ይረዝማል። ክዳን ከተደረገበት ያ ጠረን ተመልሶ ይገባል። ሊወጣ 60 ደቂቃ ሲቀረው 15 ግራም ሆፕስ፣ እሳቱን ሲያጠፉ ደግሞ 10 ግራም ይጨምሩ። ሆፕስ የገባበት ጊዜ አረፋው ድንገት ይነሳልና ከአጠገቡ አይራቁ።

ማቀዝቀዙ ለክቬክ ተጠቃሚ ቀላል ነው። ድስቱን ከድነው ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ያቁሙ፤ ውኃው ሲሞቅ ይቀይሩ። የድሬዳዋ የቧንቧ ውኃ ራሱ ሞቅ ያለ ስለሆነ ጭማቂውን ከ30 ዲግሪ በታች ማውረድ ያስቸግራል፤ ክቬክ ግን በ35 ዲግሪ ስለሚገባ እዚያው ይቆማል። ወደ ባልዲው ከፍ አድርገው ሲገለብጡት አረፋ ይሥራ፤ እርሾው ለመባዛት አየር ይፈልጋል። ከዚህ በኋላ ግን አየር ጠላቱ ነው።

ከመክደንዎ በፊት ይመዝኑ። አንድ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ እስከ አፉ ውኃ ሞልተው፣ ያለ ጠርሙሱ የውኃውን ክብደት ይያዙ፤ ቀጥሎ ሙቀቱ ከውኃው ጋር አንድ የሆነውን ጭማቂ በዚያው ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልተው ይመዝኑ። ውኃው 1000 ግራም፣ ጭማቂው 1045 ግራም ከሆነ ንባብዎ 1.045 ነው። ከ1.040 እስከ 1.050 ባለው ውስጥ ከሆነ በጠላ ብቅል ጥሩ ሠርተዋል።

እርሾውን በትንሽ ለብ ያለ፣ ቀድሞ የፈላ ውኃ ውስጥ 15 ደቂቃ አቆይተው ይጨምሩና ይክደኑ።

ሲብላላ

ባልዲው ከፀሐይ ርቆ ጨለማ ባለበት ይቀመጥ። ክቬክ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጠርሙሱን ማንቦቅቦቅ ይጀምርና በሦስት እስከ አምስት ቀን ይጨርሳል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከቀዘቀዘ በጋቢ ያልብሱት። የዳቦ እርሾ በቀዘቀዘ ሳፋ ውስጥ ከሳምንት በላይ ሊፈልግ ይችላል።

ማንቦቅቦቁ መቆሙ ብቻ ማለቁን አያሳይም። ጋዙ እስኪወጣ ናሙናውን አራግፈው ይመዝኑ፤ በሁለት ቀን ልዩነት ያው ከሆነ አልቋል፣ 1.012 አካባቢ ይሆናል። የአልኮሉን መጠን ለማወቅ ከመጀመሪያው ላይ የመጨረሻውን ቀንሰው በ131 ያባዙ። 1.045 ገብቶ 1.012 ከወጣ 4.3 በመቶ ማለት ነው፤ እንደ ተለመደው የገበያ ቢራ።

የበሰበሰ እንቁላል ጠረን ካለ ሁለት ቀን ይጠብቁት፣ ይጠፋል። ከላይ ነጭ ስስ ቆዳ ከሠራና ከጎመዘዘ ባዕድ ተሕዋስያን ገብተዋል፤ የሚገቡትም ከቀዘቀዘ በኋላ በነካው ዕቃ ነው። ባለ ቀለምና ፀጉራም ሻጋታ ከታየ ሳይቀምሱ ይድፉት።

ወደ ጠርሙስ

የብርጭቆ ጠርሙስ ቆርኪና የቆርኪ መምቻ ይፈልጋል፤ መምቻው በቀላሉ አይገኝም። የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይሻላል፤ ግፊት እንዲችል የተሠራ ነው፣ በእጅ ተጭነው ግፊቱን ማወቅ ይቻላል፣ ቢፈነዳም ስባሪ የለውም። ጋዝ የሌለው የውኃ ጠርሙስ ግን ስስ ነውና አይሆንም።

65 ግራም ስኳር በአንድ ብርጭቆ ውኃ አፍልተው ንጹሕ ባልዲ ሥር ያድርጉና ቢራውን በቱቦ ከዝቃጩ በላይ ቀስ አድርገው ያውርዱበት። ቱቦውን በአፍ አይሳቡ፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ሞልተው አንዱን ጫፍ ዝቅ ሲያደርጉት ራሱ ይወርዳል። ጠርሙሶቹን ሦስት ጣት ያህል አጉድለው ይሙሉ፣ ጎናቸውን ጨምቀው አየሩን አስወጥተው ይዝጉ። ከስኳሩ ላይ «ትንሽ ልጨምር» ማለት የለም። በአራት እስከ ስድስት ቀን ጠርሙሱ ገና እንዳልተከፈተ ለስላሳ ሲጠነክር ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባና ሦስት ቀን ይቆይ። ብርሃን የነካው ሆፕስ ያለበት ቢራ መጥፎ ጠረን ስለሚያመጣ ነጭ ጠርሙስ ከሆነ በጨርቅ ይሸፍኑት። ሲቀዱ የመጨረሻዋን ጣት ያህል ከዝቃጩ ጋር ይተዉት።

ሐረር ለሚኖር ሰው

ሐረር ከድሬዳዋ 650 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ነገሩ ይቀየራል። ውኃ በ94 ዲግሪ ስለሚፈላና ያደረው ውኃም ቀዝቃዛ ስለሆነ ቅይጡ 10 ሊትር ተኩል የፈላና 4 ሊትር ተኩል ያልሞቀ ይሁን። ክቬክ በሐረር ሌሊት ይሰንፋል፤ እዚያ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ የሚሠራውን የተለመደ የቢራ እርሾ ማዘዝ ይሻላል። ብቅል ለማብቀልም ሐረር ትመቻለች። ሁለቱም ከተማ ውስጥ ሰው ያለው፣ ብቅሉን ሐረር አስበቅሎ ድሬዳዋ ላይ ይጥመቅ።

እርሾውን ማቆየት

ቢራው ከወረደ በኋላ ባልዲው ሥር ሁለት ነገር ይቀራል፦ ከታች ጠቆር ያለ የሆፕስና የብቅል ደቃቅ፣ ከላዩ ክሬም የመሰለ ነጣ ያለ ዝቃጭ። የሚፈለገው ክሬሙ ነው። በፈላ ውኃ በተለቀለቀ ማንኪያ ይውሰዱና የመጋገሪያ ወረቀት ላይ እንደ ስስ ቅብ ይዘርጉት። አቧራ እንዳይነካው በንጹሕ ስስ ጨርቅ ከልለው ከሩቅ ቬንትሌተር ያዙሩለት፤ ፀሐይ ላይ ግን አያውጡት። የድሬዳዋ አየር በአንድ ወይም በሁለት ቀን ያደርቀዋል። ሲታጠፍ ተሰባብሮ የሚረግፍ ከሆነ ደርቋል፤ ከተለጠጠ ይቆይ።

ፍቅፋቂውን በትንሽ ከረጢት አድርገው፣ አየሩን አስወጥተው፣ ቀኑን ጽፈው በበረዶ ክፍል ያስቀምጡ። ለቀጣዩ 10 ሊትር ሁለት የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ከጥመቃው ቀን በፊት ግን ይፈትኑት፦ ግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ የፈላ ውኃ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጋር ይቀላቅሉና ቁንጥር እርሾ ይጣሉበት። በሦስት ሰዓት ውስጥ አረፋ ከሠራና ጠረኑ የብርቱካንና የዳቦ ከሆነ ይጠቀሙበት። ከኮመጠጠ ያንን ከረጢት ጥለው፣ ከመጀመሪያው ፓኬት የተረፈውን 6 ግራም ያውጡ፤ ለዚሁ ቀን ነው ሳይከፋፈት ታስሮ በበረዶ ክፍል መቀመጥ ያለበት።